ስፍራውን የማይረሳ ዘንግ



አንድ መኪና ኀይል ብቻ ስላለው መልካም ሥራ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ስለቱ በየትኛው ስፍራ እንዳለ መታወቅ አለበት። ስፍራውን የሳተ ስለት ብረቱን ያበላሻል፤ ከዚያም አልፎ የሠራተኛውን እጅ ይጐዳል። ይህን ለማወቅ ከመኪናው ዘንግ ጋራ የሚገጠመው መሣሪያ ኢንኮደር ይባላል።

ኢንኮደር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዘንጉ ሲዞር ምልክት ብቻ ይሰጣል፤ ስፍራው የሚገኘው ምልክቶቹን በመቍጠር ስለሆነ፥ የኤሌክትሪክ ኀይል ቢቋረጥ ቈጠራው ይጠፋል። በሁለተኛው ግን እያንዳንዱ ስፍራ የራሱ ቍጥር ተጽፎለታል። በመዝገብ ቤት የሠራችሁ ልዩነቱን ታውቁታላችሁ፤ ፋይሎችን ከመደርደሪያው ጫፍ እየቈጠረ የሚፈልግ ሰው፥ አንድ ጊዜ ቢጠሩት ከመነሻው ይጀምራል፤ በፋይሉ ጀርባ የተጻፈውን ቍጥር የሚያነብ ግን ወዲያው ያገኘዋል።

ቍጥሩ የሚጻፈው በክብ ዲስክ ላይ፥ ብርሃን የሚያሳልፉና የማያሳልፉ ክፍሎች ባሏቸው ቀለበቶች ነው። ቀለበቶቹ 10 ቢሆኑ ዙሩ በ1024 ስፍራዎች ይከፈላል። ችግሩ የሚነሣው ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው በሚታለፍበት ቅጽበት ነው። በተለመደው የሁለትዮሽ አጻጻፍ 3 «ጨለማ፥ ብርሃን፥ ብርሃን» ሲሆን፥ 4 «ብርሃን፥ ጨለማ፥ ጨለማ» ነው። ሦስቱም በአንድነት መለወጥ አለባቸው፤ የመጀመሪያው ጥቂት ቢቀድም መኪናው 7 ብሎ ያነባል።

መፍትሔው የተገኘው ከፋብሪካ ሳይሆን ከስልክ ሥራ ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ፍራንክ ግሬይ በቤል የስልክ ምርምር ቤት ሳለ፥ ድምፅን ወደ ቍጥር ለመለወጥ ያሰበውን አጻጻፍ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1947 ዓ.ም. ለፈጠራ መብት አቀረበ፤ መብቱም በ1953 ተሰጠው። በዚህ አጻጻፍ ወደ ቀጣዩ ቍጥር ሲታለፍ የሚለወጠው አንድ ምልክት ብቻ ነው። 3 «ጨለማ፥ ብርሃን፥ ጨለማ»፤ 4 ደግሞ «ብርሃን፥ ብርሃን፥ ጨለማ» ይሆናል። በመካከል ቢነበብ እንኳ መልሱ ወይ 3 ወይ 4 እንጂ ሌላ አይሆንም። ፈረንሳዊው ኤሚል ቦዶ በ1870ዎቹ ዓመታት በቴሌግራፍ ይህን የመሰለ አጻጻፍ ተጠቅሞ ነበር፤ ስሙ ግን ለግሬይ ቀረ።

እንግዲህ አንባቢዎች፤ ስሕተትን ፈጽሞ ማጥፋት ባይቻል፥ ከአንድ እርምጃ እንዳያልፍ አድርጎ ሥራን ማደራጀት እንደሚቻል ይህ ትንሽ ዲስክ ያስተምረናል።