በለስን ማቆየት፦ ከእሳት ወደ ቅዝቃዜ

የበለስ ፍሬ ከጥንት ጀምሮ በሚበላበት በሜክሲኮ ደጋማ ምድር ዋናው ችግር ፍሬውን ማግኘት ሳይሆን ማቆየት ነበር፤ ስኳሩ ብዙ፣ አሲዱ ግን እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ ሎሚን ከተሕዋስያን የሚጠብቀው ኮምጣጣነት ለተላጠ በለስ አይደርስለትም። የሳን ሉዊስ ፖቶሲና የሳካቴካስ ገጠሬዎች ስለዚህ የተረፋቸውን ፍሬ ጨምቀው በእሳት ያተኑት ነበር፤ ጭማቂው ሲወፍር እንደ ማር ይሆናል፣ ይበልጥ ሲፈላና ሲማሰል ደግሞ በቢላ የሚቆረጥ ጠጣር ይወጣዋል፤ ወተት የሚባል ነገር ባይገባበትም ስሙ የበለስ አይብ ነው። እሳቱ ስኳሩን ለወራት ቢያቆይም፣ ዛሬ ፀረ ኦክሲዳንት የሚባሉትን፣ ማለትም ኦክስጅን በሕዋሳት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚገቱትን ንጥረ ነገሮች ይጎዳል፤ ከእነዚህም ቫይታሚን ሲና ፍሬውን ቀይ ወይም ቢጫ የሚያደርገው ቤታላይን የተባለው ቀለም ይገኙበታል። ገጠሬው የሚሻው ስንቅ ስለነበር በዚህ ሊወቀስ አይገባም።

ተክሉ ስፔናውያን ወደ ሜዲትራኒያን ካሻገሩት በኋላ፣ በሰፊው እንደሚነገረው በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በካቶሊክ ሚስዮናውያን አማካይነት ትግራይ ደረሰ፤ ፍሬውም የዓምናው እህል በሚመናመንበት በክረምት ይደርሳል። በመቀሌና በአዲግራት መንገዶች ሻጩ እሾሁ የተጠረገለትን በለስ የሚልጠው ገዢው ፊት ቆሞ ሳለ ነው፤ ይህ ልማድ ከመስተንግዶ አልፎ ራሱ የማቆያ ዘዴ ነው፤ ምክንያቱም ፍሬው ሲቆረጥ ሕዋሳቱ ተሰንጥቀው ለኦክስጅን ይጋለጣሉ፣ ቫይታሚን ሲም መቀነስ ይጀምራል።

ማቀዝቀዣ ሲመጣ ያልታሰበ ነገር ታየ፤ ያልተላጠ በለስ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲቆይ ልጣጩ ይጠቋቁራል፤ ከአየር የሚከልለው ልጣጭ ለቅዝቃዜ ደካማ ሆኖ ተገኘ። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የጣሊያን ተመራማሪዎች ነገሩን ገልብጠው፣ ፍሬውን ልጠው በፕላስቲክ ስስ ሽፋን ጠቅልለው በ4 ዲግሪ አስቀመጡት፤ ከአንድ ሳምንት በላይ ቆይቶም ቫይታሚን ሲው እምብዛም ሳይጓደል ተገኘ፣ ፖሊፊኖል የተባሉት ውሁዶች ግን በመጠኑ ቀነሱ። ለተሕዋስያን በር የከፈተው የአሲድ ማነስ ቤታላይንን አልጎዳውም፤ ይህ ቀለም ፒኤች በተባለው የአሲድነት መለኪያ ከ3 እስከ 7 ባለው ክልል ውስጥ ይጸናል፣ የበለስ ሥጋም በአብዛኛው እዚያው ክልል ውስጥ ነው።