ከአብዮት ወደ ኮካ ኬላ

ሜይ 17 ቀን 1980 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በፔሩ አያኩቾ ግዛት፣ ቹስቺ በምትባል የተራራ ከተማ ጥቂት ታጣቂዎች የምርጫ ኮሮጆዎችን አቃጠሉ። አገሪቱ ከ12 ዓመት የወታደር አገዛዝ በኋላ በማግሥቱ ድምፅ ልትሰጥ ተሰናድታ ነበርና የቹስቺን ነገር ከቁብ የቆጠረው የለም። ሴንዴሮ ሉሚኖሶ፣ ማለትም ‹‹አብሪው ጎዳና››፣ የትጥቅ ትግሉን የጀመረው እንዲህ ነው።

መሪው አቢማኤል ጉዝማን በአያኩቾ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተምር የነበረ የማኦ ተከታይ ነው። ለደሃው ገበሬ ተነሣሁ ይበል እንጂ፣ በ1983 በሉካናማርካ 69 ገበሬዎችን ያረደው የእርሱ ድርጅት ነው። የፔሩ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በ2003 ባወጣው ሪፖርት በጦርነቱ ወደ 69 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ገምቷል። ከግማሽ የሚበልጠውን ግድያ የፈጸመው ሴንዴሮ ሲሆን፣ ከሟቾቹ ሦስት አራተኛው እጅ አፋቸውን የፈቱት በኬችዋና በሌሎች የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ነበር።

ብዙዎች ድርጅቱ ወደ ዕፅ ንግድ የገባው ከተሸነፈ በኋላ ነው ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ልማዱ የመጣው ገና ጉልበት ሳለው፣ በ1980ዎቹ፣ በላይኛው ዋያጋ ሸለቆ ነው። በዚያ ቡናም ካካዎም ይበቅላል፤ ምርቱን ገበያ የሚያደርስ መንገድ ግን አልነበረም። ኮኬይን የሚሠራበት የኮካ ቅጠል በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ይለቀማል፤ ገዢውም እስከ ደጅ ይመጣል። መንግሥት በአሜሪካ እርዳታ ተክሉን ሊነቅል ሲዘምት ሴንዴሮ የገበሬው ጠበቃ ሆኖ ቀረበ። ከኮሎምቢያ የሚመጡት ነጋዴዎች ዋጋ እንዳይሰብሩ፣ ሚዛን እንዳያጭበረብሩ ይቆጣጠር ጀመር። ለዚህም ያስከፍል ነበር፤ ከገዢው ድርሻ፣ ጫካ ውስጥ ከሚያርፈው ትንሽ አውሮፕላን ደግሞ የማረፊያ ቀረጥ ይቀበላል። ገበሬው ከለላ አገኘ፤ ከለላው ግን የራሱ ጌታ ነበረው።

ሴፕቴምበር 12 ቀን 1992 ጉዝማን ሊማ ውስጥ፣ ከዳንስ ማስተማሪያ በላይ ባለ ቤት ተያዘ። በዓመቱ ከእስር ቤት ሆኖ የሰላም ድርድር ጠየቀ። ‹‹ፌሊሲያኖ›› የተባለው ተተኪው በ1999 ተማረከ። የዋያጋው አዛዥ ‹‹አርቴሚዮ›› በ2011 መሸነፋቸውን በአንደበቱ ተናገረ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ተያዘ፤ በኋላ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

የቀሩት በአፑሪማክ፣ በኤኔና በማንታሮ ወንዞች ሸለቆ የመሸጉት የኪስፔ ፓሎሚኖ ወንድማማቾች ነበሩ። ጉዝማንን ከሃዲ ብለው ካዱት፤ ለድርጅታቸውም አዲስ ስም አወጡለት። ሥራቸው ግን ጥበቃ ነው። ቅጠሉ ጉድጓድ ውስጥ በኖራና በነዳጅ ተዘፍዝፎ ሊጥ ይሆናል፤ ሊጡን የድሃ ልጆች በጀርባቸው አዝለው በተራራ መንገድ ያሻግሩታል፤ ታጣቂዎቹ ደግሞ መንገዱን ጠብቀው ያስከፍላሉ። የአሜሪካ ግምጃ ቤት በ2015 ድርጅቱን በዕፅ አዘዋዋሪነት ፈረጀው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የጫካው ሕዝብ የአሻኒንካዎች ዕጣ ነው። በጦርነቱ ሺዎች ተገደሉ፤ ሺዎች በሴንዴሮ ሰፈሮች ታግተው እንደ ባሪያ ሠሩ። በ2015 እንኳ የፔሩ ጦር አብዛኞቹ ሕፃናት የሆኑ ምርኮኞችን ከዚሁ ጫካ አውጥቷል። በሜይ 2021 ደግሞ ምርጫ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሳን ሚጌል ዴል ኤኔ በተባለች የኮካ መንደር 16 ሰዎች ተገደሉ። ከሟቾቹ መካከል ሕፃናት ነበሩ። ድምፅ እንዳትሰጡ የሚል በራሪ ወረቀት በቦታው ተገኘ፤ ጦሩም ድርጊቱን የሸለቆዎቹ ታጣቂዎች ፈጸሙት አለ። ጉዝማን በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር፣ በ86 ዓመቱ እስር ቤት ውስጥ ሞተ።

ከሊማ የሚላክ ጦር ብቻውን ለዚህ ሸለቆ መፍትሔ አይሆንም። ገበሬው ለቡናውና ለካካዎው ደህና ዋጋ፣ ምርቱንም የሚያወጣበት መንገድ እስካላገኘ ድረስ፣ አንዱ አዛዥ ቢገደል ኬላውን ሌላው ይረከበዋል።