ከደጅ ጥናት እስከ ቃለ መጠይቅ

ቃለ መጠይቅ የሚባለው የቅጥር ሥርዓት ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት፣ በኢትዮጵያ እንጀራ ፈላጊ የሚመዘነው በጌታ ደጅ ነበር። ሹመት፣ ጉልት ወይም አሽከርነት የፈለገ ሰው ከመኳንንቱ፣ ከፍ ሲልም ከቤተ መንግሥቱ በር ላይ ደጅ ይጠናል። ጌታው ሲወጣና ሲገባ እንዲያየው ይቆማል፤ ቀኑ ወር፣ ወሩም አንዳንዴ ዓመት ይሆናል። ሙያውን የሚመሰክርለት ወረቀት የለውም። ያለው ቁመናው፣ አንደበቱና ሸማው ነው።

ሸማው ደግሞ ሥርዓት ነበረው። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ መስቀለኛ ያጣፉታል፣ ለቅሶ ሲሄዱ ጥለቱን ወደ ላይ ያዞሩታል። ትልቅ ሰው ፊት ሲቀርቡ ግን ከትከሻ ወርዶ ደረት ወይም ወገብ ላይ ይታሰራል፤ ይህ ማደግደግ ነው። ትከሻውን ሸፍኖ ጌታ ፊት የቆመ ሰው እንደ ደፋር ይቆጠራል፣ ኩታው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን።

ንጽሕናው የራሱ ድካም ነበረው። ሳሙና ብርቅ በነበረበት ዘመን ሸማ ወንዝ ይወርድና በእንዶድ አረፋ፣ በእግር እየተረገጠ ይታጠባል፤ ከዚያ ሣር ላይ ይሰጣል። ፀጉር ለጋ ቅቤ ይቀባል። ድሀ ደጅ ጠኚ ሌላ ልብስ ባይኖረውም ያንኑ አንዱን አንጽቶ መቅረብ ይችል ነበር፤ የዚያ ሥርዓት መልካም ጎኑ ይህ ይመስላል።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮች ሾሙ፤ ብዙም ሳይቆይ በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ቋንቋና ጽሕፈት የሚያውቅ ሠራተኛ ተፈላጊ ሆነ። ከጣልያን ወረራ በኋላ ቢሮዎች ሲበዙ፣ በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት፣ ኮትና ከረባት የተማረ ሰው ምልክት ሆኑ። በ1954 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥር የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ሥራ ፈላጊው አሁን ማስረጃ ይዞ ይቀርባል፤ ከዚያ በፊት ግን ልብስ ሰፊ ቤት ይለካል፣ ሱሪውን በከሰል ካውያ ያስተኩሳል፣ ጫማውን ለሊስትሮ ይሰጣል።

አሮጌው ሥርዓት ግን በኮቱ ውስጥ ኖሯል። ሰው አለቃው ቢሮ ሊገባ ሲል የኮቱን ቁልፍ ይቆልፋል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ እጅ ይነሳል። ትናንት ሸማ ሲያደገድግ የነበረው አክብሮት ዛሬ ወደ ቁልፍ ተዛውሯል ቢባል ስህተት አይሆንም።

አለባበስ የፖለቲካ ጥያቄ የሆነበት ጊዜም አለ። በ1960 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው የተዘጋጀ የፋሽን ትርኢት አጭር ቀሚሶችን ሲያቀርብ ተማሪዎች የባህል ወረራ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ነገሩ ተባብሶ ዩኒቨርሲቲው እስከ መዘጋት ደረሰ። በደርግ ዘመን ደግሞ፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) በተመሠረተበት በ1977 ዓ.ም. አካባቢ፣ ባለሥልጣናቱ የሰሜን ኮሪያን የሚመስል ሰማያዊ ዩኒፎርም ለበሱ። ከረባት ያኔ ከፊት ወንበር ተነሣ።

በኋላ ግን ተመለሰ። ዛሬ አዲስ ተመራቂ ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ የሚቀርበው ለምረቃው በተገዛለት ሱፍ ነው፤ ቤተሰቡ አጠራቅሞ የገዛው ትልቅ ወጪ ነውና በአንድ ቀን አይጣልም። አቅሙ ያልፈቀደለት ሰልባጅ ተራ ወርዶ የሚበቃውን ኮት ይመርጣል፣ እጅጌው ከረዘመ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ያሳጥረዋል።