ታናሹ ታላቁን የቀደመበት ክንፍ

የሞዴል አውሮፕላን ሠሪ በጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ባልሳ እንጨት ሲቀርጽ ያየ ሰው፣ የታላቁን አውሮፕላን መልክ በታናሽ አምሳል የሚገለብጥ፣ ከዋናው ጥበብ በኋላ የመጣ ተከታይ አድርጎ ይገምተዋል፤ ግምቱ ስለ አብዛኛው አውሮፕላን ትክክል ቢሆንም፣ አግድም ጭራ የሌለውንና በግሪኮች ፊደል ስም ዴልታ የሚባለውን ባለሦስት ማዕዘን ክንፍ በሚመለከት ግን የታሪኩ ተራ የተገላቢጦሽ ሆኖ ይገኛል፤ ታናሹ አስቀድሞ በረረ፣ ታላቁም ደቀ መዝሙሩ ሆነ።

ነገሩ የሚጀምረው (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንናገር) ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን አገር፣ ከፍታው 950 ሜትር በሆነው በቫሰርኩፐ ተራራ ላይ ነው። የቬርሳይ ውል ድል በተነሣው አገር የሞተር አውሮፕላን ሥራ ላይ ብርቱ ማዕቀብ ጥሎ ስለ ነበር፣ የበረራ ፍቅር ያደረባቸው ወጣቶች ያለ ሞተር፣ በነፋስ ኃይል ብቻ ለመንሳፈፍ ወደዚያ ተራራ ይወጡ ነበር፤ ፍሬው ሁሉ መልካም ነበር ባይባልም፣ ለቅጣት የተጻፈ ውል ይህን ያህል ጥበብ ሲወልድ ማየት ያስደንቃል። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ በ1894 በሙኒክ የተወለደው አሌክሳንደር ሊፒሽ ነበር፤ በ1909 ኦርቪል ራይት በበርሊን ሲበር በልጅነቱ አይቶ ልቡ በዚያው የቀረ ይህ ሰው፣ ክንፍ ራሱን በራሱ ማጽናት ከቻለ የጭራ ሸክም ስለ ምን ያስፈልገዋል ብሎ ተነሣ። ጭራ የሌለው ክንፍ ግን በባሕርዩ አመፀኛ ነው፤ ሚዛኑ ጥቂት ወደ ኋላ ከሸሸ አፍንጫውን ወደ ሰማይ አንሥቶ ይገለበጣል፤ በዚያን ጊዜ ጠባዩን አስቀድሞ የሚናገር የተሟላ ስሌት ስላልነበረም፣ ሊፒሽ ትንንሽ አምሳያዎችን እየሠራ ማብረርን፣ ያመፀውን ማረምን፣ የታዘዘውን ደግሞ ሰው እስኪሸከም ድረስ ማሳደግን መንገዱ አደረገ። በ1931 ጉንተር ግሮንሆፍ በሞተር ያበረረው ዴልታ 1 የዚህ ትዕግሥት ውጤት ነው።

በሁለተኛው ጦርነት መጨረሻ የዳርምሽታትና የሙኒክ ተማሪዎች በሊፒሽ አሳብ የጀመሩት ዲ.ኤም. 1 የተባለ ሞተር አልባ ዴልታ በአሜሪካኖች እጅ ገባ፤ እነርሱም አስጨርሰው ወደ ላንግሊ የምርምር ጣቢያ ወሰዱትና ነፋስ በሚነዳበት ታላቅ ሰው ሠራሽ ዋሻ ውስጥ ፈተኑት። የክንፉ ግንባር ድቡልቡል ሆኖ ሳለ የተጠበቀውን ያህል የማንሣት ኃይል አልተገኘበትም፤ ስለታም ጠርዝ ሲያደርጉለት ግን፣ ከዚያ ጠርዝ ላይ የሚፈተለው የአየር አዙሪት በክንፉ ጀርባ ላይ እየተጠመጠመ ወደ ላይ ይስበው ጀመር። ሌላው ክንፍ ተሸንፎ በሚወድቅበት አኳኋን ዴልታ አፍንጫውን ከፍ አድርጎ ጸንቶ የመብረሩ ምሥጢር ይህ አዙሪት ነው። በ1948 የኮንቬር ኩባንያ ኤክስ.ኤፍ. 92ኤ በጄት ሞተር ሲበር፣ የተራራው ታናሽ አምሳያ አያት ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል። እንግሊዞችም ቮልካን የተባለውን ቦምብ ጣይ ለመሥራት ሲነሡ፣ መጠኑ የታላቁ ሲሶ የሆነውን አቭሮ 707 አስቀደሙ፤ የመጀመሪያው በ1949 በበረረ ከወር ባነሰ ጊዜ ወድቆ አብራሪውን ገደለ፤ ከተከታዮቹ አንዱ በፍጥነት ጊዜ የሚያሳየው መንቀጥቀጥ ግን የቮልካን ክንፍ ግንባር እንዲታጠፍ ምክንያት ሆነ።

የታናናሾቹ ዓለም በበኩሉ ሌላ ችግር ነበረበት፤ ሞዴል ከእጅ ከወጣ በኋላ የነፋስ እንጂ የሠሪው አልነበረም። በ1937 በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት በካላማዙ ከተማ፣ ዋልተርና ዊልያም ጉድ የተባሉ መንትያ ወንድማማቾች ጋፍ ያሉትን፣ የክንፉ ርዝመት 8 ጫማ የሆነ ሞዴል ከምድር በሬዲዮ እያዘዙ አበረሩ፤ አውሮፕላኑ ወደ ስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ትእዛዙ እጅግ ድሃ ነበር፤ ቁልፉ ሲጫን፣ በተጠመዘዘ ላስቲክ የሚሠራ መሣሪያ በሞዴሉ ሆድ ውስጥ አንድ እርምጃ ይዞርና መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ይጥለዋል፤ መካከለኛ የሚባል ነገር የለም። ጣት በተንቀሳቀሰችው መጠን ብቻ መሪው የሚንቀሳቀስበት ሥርዓት በ1960ዎቹ ሲስፋፋ ነው ዴልታ ለሞዴል ሠሪው በእውነት የተገራለት።

ሠሪው በሙሉ መጠኑ የታተመውን ንድፍ በጣውላ ላይ ዘርግቶ፣ ሙጫ እንዳይዘው በስስ ፕላስቲክ ሸፍኖ፣ ቀላልነቱ የተመሰከረለትን የኢኳዶር ባልሳ በስፒል እየቸነከረ የክንፉን አጥንቶች በመስመራቸው ላይ ያቆማል። አጥንቶቹ ከሥሩ ረጃጅም ሆነው ወደ ጫፉ እያጠሩ ስለሚሄዱ በአንዱ ጎን ሁለት እኩል አይገኙም፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው እዚህ ላይ ይተወዋል። የኋላ ጠርዛቸው በጥቂቱ ወደ ላይ ቀና ይላል፤ የቀረውን ጭራ ሥራ የምትሠራው ይህች ትንሽ መቃናት ናት። በዚያው ጠርዝ ላይ ያሉት ሁለት መሪዎች አንድ ላይ ሲነሡ አፍንጫውን ያነሣሉ፤ አንዱ ወጥቶ ሌላው ሲወርድ ወደ ጎን ያጋድላሉ፤ ስለዚህ ሁለቱ ትእዛዞች በአንድ መሪ ላይ መደመር አለባቸው። የቀደሙት ሠሪዎች አንዱን ሰርቮ (መሪውን የሚያንቀሳቅሰውን ትንሽ ሞተር) በተንሸራታች ሳንቃ ላይ አስቀምጠው፣ ሳንቃውን ከነጭነቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲገፋ ሌላ ሰርቮ በማዘዝ ድምሩን በእንጨትና በሽቦ አስሉት፤ ከዚህ የበለጠ የተዋበ ብልሃት በሞዴል ሠሪዎች ሥራ ውስጥ አላየሁም። ዛሬ ድምሩን ሠሪው በእጁ የያዘው ማስተላለፊያ ስለሚፈጽመው ሳንቃው ቀርቷል፤ የሚዛኑ ነጥብ ግን አሁንም በንድፉ ላይ እንደ ተመለከተ ነው፤ ክንፉ በዚያ ነጥብ ላይ በሁለት ጣት ተደግፎ እስኪስተካከል ድረስ በአፍንጫው ውስጥ የእርሳስ ማዕድን ቁራጭ ይጨመርበታል።