ከውሃ በታች የቀረው የጸሎት ቤት ስፍራ

በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው በዌልስ አገር ሰሜናዊ ክፍል፣ በትረዌሪን ሸለቆ ይገኝ የነበረውን የካፔል ኬሊንን ጸሎት ቤት ታሪክ ነው። የዘመኑ አቈጣጠር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን መሆኑን አስቀድመን እናስታውሳለን።

በ18ኛው መቶ ዓመት በዌልስ በተነሣው የሃይማኖት መነቃቃት ምክንያት ብዙ ሕዝብ ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን እየተለየ በገዛ ገንዘቡ ጸሎት ቤት ማነጽ ጀመረ። የካልቪን ተከታዮች የሆኑት ሜቶዲስቶች በ1811 ፈጽመው ተለዩ፤ የካፔል ኬሊንም ምእመናን ከእነርሱ ወገን ነበሩ።

የእነዚህ ጸሎት ቤቶች አሠራር እምነታቸውን ይገልጻል። ቤቱ አራት ማዕዘን፣ ግድግዳው ድንጋይ ሲሆን፣ በውስጡ ሥዕልም ሆነ መጋረጃ አይገኝም። የሰው ዓይን የሚያርፈው በሰባኪው ከፍተኛ አትሮንስ ላይ ነው። ከአትሮንሱ ሥር «ታላቁ ወንበር» የሚባለው የሽማግሌዎች መቀመጫ ይገኛል። ቤቱ ለጆሮ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። በዚያ የሚሰማውም ቃል በዌልስ ቋንቋ ስለ ነበረ፣ ገበሬው በሰንበት ትምህርት ቤት ማንበብን የተማረው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ ከተማ የሆነችው ሊቨርፑል ለነዋሪዎቿና ለፋብሪካዎቿ ተጨማሪ ውሃ ፈለገች። ማዘጋጃ ቤቱም የዌልስን የአካባቢ ባለሥልጣኖች ፈቃድ ሳይጠይቅ የሕጉን ረቂቅ በቀጥታ ለፓርላማ አቀረበ። በ1956 የመንደሩ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው በሊቨርፑል ጎዳና በሰልፍ አቤት አሉ። ከ36ቱ የዌልስ እንደራሴዎች አንድ እንኳ የድጋፍ ድምፅ ሳይሰጥ፣ ሕጉ በ1957 ጸደቀ።

በጸሎት ቤቱ የመጨረሻው ጸሎት የተደረገው በሴፕቴምበር 28 ቀን 1963 ነው። ከመቃብሩ ዐፅማቸው ወደ ሌላ ስፍራ የፈለሰ ጥቂቶች ሲሆኑ፣ የቀሩት በሲሚንቶ ተሸፍነው እዚያው ቀሩ። በሸለቆው ከነበሩት 67 ሰዎች 48ቱ ቤታቸውን አጡ፤ ትምህርት ቤቱና ፖስታ ቤቱም ፈረሱ። ግድቡ በኦክቶበር 1965 ተመረቀ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ጸሐፊው ሶንደርስ ሉዊስ በ1962 ስለ ዌልስ ቋንቋ ዕጣ በራዲዮ ባሰማው ንግግር የትረዌሪንን ነገር አንሥቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት የቋንቋው ማኅበር ተመሠረተ። በ1967 ለቋንቋው በፍርድ ቤት የመናገር መብት የሰጠ ሕግ ወጣ። በሐይቁ ዳር የመታሰቢያ ጸሎት ቤት ታነጸ፤ የመቃብሩም ድንጋዮች በአጠገቡ ባለው የአትክልት ስፍራ ተተከሉ። የሊቨርፑል ከተማ ምክር ቤትም በ2005 ይቅርታ ጠየቀ።

ክቡራን አንባብያን፤ የከተማ ሰው ውሃ መፈለጉ ነውር አይደለም። ሕጉም በሥርዓቱ ወጥቷል፤ ማኅተሙም አልጎደለም። የጎደለው ቤቱ የሚፈርስበት ሰው ቃል ነበር። በየዕለቱ መዝገብ ለምናገላብጥ፣ ስለ መንደርና ስለ መሬት ለምንፈርም ሁሉ፣ የካፔል ኬሊን ታሪክ አንድ ጥያቄ ይተውልናል፦ ከመፈረማችን በፊት ባለጉዳዩን ሰምተነዋልን? ይቅርታው አርባ ዓመት ዘግይቶ ሲመጣ፣ የጸሎት ቤቱ ስፍራ ከውሃው በታች ነበረ።