ታይፎይድና ታይፈስ፦ ከፓሪስ እስከ ሮቤ

እስቲ እጃችሁን አውጡ! ካምፓስ ገብቶ አንዴ እንኳ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ያልተባለ ማን አለ?

የእኛ ዶርም ልጅ ጋምቤላ አድጎ የደረሰው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ፣ ሮቤ ነበር። በሁለተኛው ወር ብርድ ብርድ አለው፣ አተኮሰው፣ ራሱን ፈለጠው። እኛም ሐኪም ሆንና «የባሌ ብርድ ነው፣ ትለምደዋለህ» አልነው። አንድ ክሊኒክ ሄዶ ደም ሰጠ። መልሱን ታውቁታላችሁ፦ ሁለቱም አሉብህ! መድኃኒቱን ይዞ መጣ፣ ዋጠ፣ ባሰበት።

ሁለቱ በሽታዎች ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ ዝምድና የላቸውም። ታይፎይድ በተበከለ ምግብና ውሃ ይመጣል። በደጋው የሚታወቀው የወረርሽኝ ታይፈስ ደግሞ በቅማል ይተላለፋል። አብረው የሚጠሩት ምርመራቸው አብሮ ስለሚታዘዝ ነው። ምርመራዎቹ ግን የአያት ቅድመ አያቶቻችን እኩዮች ናቸው!

የታይፎይዱን፣ ዊዳል የሚባለውን፣ ፈረንሳዊው ፈርናንድ ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 ፓሪስ ላይ አስተዋወቀው። የታይፈሱን ኤድመንድ ዋይልና አርተር ፌሊክስ እ.ኤ.አ. በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሀል፣ ይፋ አደረጉት። የሚገርመው፣ ይሄኛው የሚሠራው በራሱ በታይፈስ ተሕዋስ ሳይሆን ፕሮቲየስ በሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው። ዊዳልም ቢሆን የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነታችን የሠራውን መከላከያ ነው። ድሮ ታምሞ የዳነ ሰው ዛሬም «ፖዘቲቭ» ሊባል ይችላል። ታይፎይድ በበዛበት አገር አንድ የዊዳል ውጤት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የተሻለው የደም ካልቸር ነው፤ እሱ ደግሞ ቀናት ይፈልጋል፣ ላቦራቶሪም ይጠይቃል።

ልጁን በመጨረሻ ጎባ ሆስፒታል ወሰድነው፤ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከየት ነው የመጣኸው?» የሚል ነበር። ደሙ በማይክሮስኮፕ ታየ። ወባ! ሮቤ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ወባ ማን ያስባል? ወባ ግን ከሰው ጋር ይጓዛል። ቪቫክስ የሚባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሣል።

ያ ጥያቄ በአገራችን ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ የተነሣ የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ፈጀ። በቀጣዩ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። እዚያ የሠለጠኑት ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የሳኒቴሽን ባለሙያዎች በቡድን ወደ ገጠር የወጡት ክኒን ለማደል ብቻ አልነበረም፤ ሰዉ የት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚጠጣ ለማየትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ወባ ወደ ደጋው ወጥቶ 150,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። «ደጋ ነው» ማለት ያኔም አላዳነም።

እናም ወዳጄ፣ ስትታመም ቶሎ ወደ ካምፓሱ ክሊኒክ ሂድ። ከየት እንደመጣህ፣ ምን መድኃኒት እንደወሰድክ ሳትጠየቅ ተናገር። «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ብለህ ጠይቅ፤ ነውር አይደለም። በሁለት ሦስት ቀን ካልተሻለህ ተመለስ፣ ሪፈር አስጽፍ። ከባሰብህ ደግሞ ቀን አትቁጠር። ከጓደኛ የተረፈ አንቲባዮቲክ አትዋጥ።

የእኛ ልጅ ድኖ ተመርቋል። እኛ ግን «ትለምደዋለህ» ማለት አቁመናል።