እግር እንጂ «እገዳ» አይደለም

«ገለልተኛ የፊት እገዳ»። ይህ ሐረግ በኮምፒውተር እየተተረጎሙ በሚሰራጩ የመኪና መግለጫዎች ሥር እየሰደደ ነው። በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው ሲያነበው የሚታየው ቀይ ካርድ ያየ ተጫዋች ወይም ከሥራ የታገደ ሠራተኛ ነው፤ ጎማ በጭራሽ አይታየውም። «ከመንገድ ውጪ የዘላቂነት ሙከራ» ሲከተልበት ደግሞ ይብሳል። በአማርኛ ከመንገድ የወጣ መኪና አደጋ የደረሰበት መኪና ነው።

ሊባል የተፈለገውን ነገር ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድ ደንዳና አክስል ሲያያዙ፣ የግራው ድንጋይ ላይ ከወጣ የቀኙም አብሮ ያዘነብላል። በየራሳቸው ክንድ ሲያዙ ግን አንዱ ጉድጓድ ቢገባ ሌላው መሬቱን አይለቅም። ባለ 70ው ላንድክሩዘር በ1984 እ.ኤ.አ. ከወጣ ጀምሮ እስከ ዛሬ የፊት አክስሉ ደንዳና ነው፤ የፎር ዊል ድራይቩ ሃይሉክስ ግን ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ሁለተኛው ስልት ዞሯል።

ስህተቱ የመጣው ከእንግሊዝኛው ነው። ሳስፔንሽን የሚለው ቃል ማገድንም ማንጠልጠልንም ይይዛል፤ አማርኛ ሁለቱን ለይቶ ያስቀምጣል። አገደ ማለት ከለከለ፣ መንገድ ዘጋ ማለት ነው፤ ከብት ማገድም ከዚያው ነው፣ መንጋው እንዳይበተን መጠበቅ። ይህ የመኪና ክፍል ግን ጎማውን ከመንቀሳቀስ አያግድም፤ ሥራው ጎማው ከፍና ዝቅ እንዲል መፍቀድ ነው። ትርጉሙ የተገላቢጦሽ ሆኗል።

«ማንጠልጠል»ን የሚመርጡ አሉ። ከታሪኩ አንጻር አልተሳሳቱም፤ የጥንቱ የፈረስ ሠረገላ ሳጥን በቆዳ ጠፍር ተንጠልጥሎ ነበር የሚሄደው። ነገር ግን በአማርኛ የተንጠለጠለ ነገር ያላለቀ ነገር ነው፤ ጉዳዬ ተንጠልጥሏል ይባላል። ሰቀለ ከሚለው ሥር ቃል ማውጣትም አይመችም፤ «ስቅለት» የዐርብ ነው፣ ለመኪና አይሆንም።

ጋራዥ የገባ ሰው ግን ቃሉን ተዘጋጅቶ ያገኘዋል፦ እግር። መካኒኩ «የፊት እግሩ ላልቷል» ሲል ባለመኪናው ማብራሪያ አይጠይቅም። መኪና ሊገዛ የሚያስፈትሽም «ሞተሩስ? እግሩስ?» ይላል። እግር ይሸከማል፣ ይረግጣል፣ ይታጠፋል።

የቀረው «ገለልተኛ» የሚለው ቅጽል ነው። ገለልተኛ ከሁለት ጠበኞች ራቅ ብሎ የቆመ ነው፤ የመኪና እግር ግን ከሥራው ገለል ያለ አይደለም። «ነጻ» ቢባል የላላ ጎማ ያስመስላል። «ራስ ገዝ» ደስ ይላል፣ ግን የፊት እግር ራሱን አይገዛም፤ ገዢው መሪ የጨበጠው ሰው ነው። ከሁሉ የሚሻለው «ራስ ቻል» ነው። ቻለ የግዕዙ ክህለ ወራሽ ሲሆን ችሎታና ችሎትም ከዚያው ወጥተዋል። ከቤተሰቡ ወጥቶ ጎጆ የቀለሰ ልጅ ራሱን ቻለ ይባላል፤ ከዘመዶቹ ባይለይም የራሱን ሸክም ራሱ ይሸከማል። የፊት እግርም እንዲሁ ነው፤ ከሻሲው ሳይለይ ድርሻውን ለብቻው ይወጣል። ራስ ቻል የፊት እግር።

ይኸው ቻለ የሚለው ግሥ የ«ዘላቂነት ሙከራ»ንም ችግር ይፈታል። ዘላቂነት ዛሬ የልማት ቃል ሆኗል። ቻለ ግን ሆነለት ማለት ብቻ አይደለም፤ ታገሠ፣ ሳይሰበር ተሸከመ ማለትም ነው። ስለዚህ «ቻይነት» ይባል። ከመንገድ ውጪ የሚለውንም ሾፌሩ ድሮ ሰይሞታል፤ ኮረኮንች ይለዋል፣ ፒስታ ይለዋል። ሙከራም ይቅር፤ ሙከራ ያልተሳካ ነገርም ይጠራበታል፣ ወርቅ ግን በእሳት ይፈተናል። የኮረኮንች ቻይነት ፈተና።

ፈተናውም ቀላል አይደለም። የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር በ1998 እ.ኤ.አ. ለኦሽኮሽ ኩባንያ ያዘዘው ከባድ መኪና ከሥራው 70 በመቶውን ከአስፋልት ውጪ እንዲሠራ የታሰበ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ራስ ቻል እግሩ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። በሜሪላንድ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው የአበርዲን መፈተኛ ስፍራ፣ የጦር ተሽከርካሪዎች የሚንገጫገጩበት ባለ ንጣፍ ድንጋይ መንገድ አለ፤ ለአዲስ አበባ ሰው ኮብልስቶን ቢሉት ይገባዋል። የዓመታት እንግልት እንዲህ ባለ መንገድ ላይ በአጭር ጊዜ ይጫናል።

ከዚያ ምርመራው ይቀጥላል። ክንዱ የተበየደበት ቦታ ይጠረግና ቀይ ፈሳሽ ይቀባል። ፈሳሹ ጠልቆ እስኪገባ ይጠበቃል፤ ገጹ በጨርቅ ይወለወልና ነጭ ዱቄት ይነፋበታል። ዐይን ያላየው ስንጥቅ ካለ፣ ነጩ ላይ ክር የመሰለ ቀይ መስመር ብቅ ይላል። የእኛ መካኒክ ደግሞ ጎማውን በክሪክ አንሥቶ፣ ይዞ ይነቀንቀዋል፤ ቀጭ ካለ ቴስቲና የሚሉት መጋጠሚያ ሳያልቅ አልቀረም።

ቴስቲና፣ ክሪክ፣ ሞላ፣ ባሌስትራ ከጣሊያንኛ መጡ። የአማርኛ ተናጋሪ ግን የራሱ አድርጓቸዋል፤ እያረባ፣ እያበዛ ይሠራባቸዋል፤ ማንንም አፉን አይዘውም። ቋንቋ ከጎረቤት ቃል በመውሰዱ አይደኸይም። የሚደኸየው፣ ተናጋሪው የማያውቀው «እገዳ» በላዩ ተጭኖ የሚያውቀው «እግር» ሲጣልበት ነው።

የመኪና መመሪያ ለመተርጎም የተቀመጠ ሰው «እገዳ» ብሎ ከመጻፉ በፊት ቅርቡ ያለ ጋራዥ ይግባና፣ ከመኪናው ሥር የተኛውን ሰው ይህ ምን ይባላል ብሎ ይጠይቀው።